ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲና የአሜሪካ ጋዜጦች

ጆሴፍ ሬይመንድ ማካርቲ (1908–1957) የዊስኮንሲን ግዛትን ወክሎ ከ1947 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተቀመጠ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሴናተር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ባወጣው ሕግ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 1950 እስከ ዲሴምበር 1954 ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኮሚኒስቶች ተሞልተዋል እያለ ባሰማው ውንጀላ ሀገሪቱን ሲያምስ፣ ሹማምንትን ሲያስደነግጥ፣ ተራ ሠራተኞችን ከእንጀራቸው ሲያፈናቅል ቆይቷል።

ታሪኩን የሚያጠና ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ማምለጥ አይችልም። ውንጀላውን በጀመረበት በ1950 ማካርቲ ገና የመጀመሪያ የሥራ ዘመኑ ላይ ያለ፣ ፓርቲው በምክር ቤቱ አነስተኛ ወንበር የያዘ፣ የአንድም ኮሚቴ ሰብሳቢ ያልሆነ ሴናተር ነበር። ፖሊስ አያዝም፣ ዳኛ አይሾምም፣ የስለላ መዝገብ በእጁ አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አገኘው? በእኔ እምነት መልሱ ያለው ሁለት ነገሮች በተጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው፦ አንዱ ሴናተር በምክር ቤት ለተናገረው ቃል በፍርድ ቤት የማይጠየቅበት ሕገ መንግሥታዊ ከለላ፣ ሌላው ደግሞ ባለሥልጣን የተናገረውን ሁሉ ሳይመረምር የሚያስተላልፈው የዘመኑ የጋዜጠኝነት ልማድ።

የሴናተር አንደበትና ከለላው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን የእኛን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚያውቅ አንባቢ አባላቱ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ እንደነበር ያስታውሳል። የአሜሪካው ግን ከ1913 ወዲህ አባላቱን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ያስመርጣል። እያንዳንዱ ግዛት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሁለት ሴናተሮች ይልካል፤ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። በማካርቲ ጊዜ ግዛቶቹ 48 ስለነበሩ ሴናተሮቹ 96 ብቻ ነበሩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 6 የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ ስላደረገው ንግግር ወይም ክርክር በሌላ በየትኛውም ቦታ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ሐሳቡ ከእንግሊዝ ፓርላማ የተወረሰ ሲሆን ዓላማው የሕዝብ ወኪል ንጉሥን ሳይፈራ እንዲናገር ማስቻል ነው። ያለ እርሱ የሕዝብ ተወካይ አፉን ሊከፍት አይችልምና ድንጋጌው የከበረ ነው። ነገር ግን ሌላ ገጽታ አለው። ሴናተሩ በአዳራሹ ቆሞ አንድን ዜጋ ሰላይ ነው ቢል ዜጋው በስም ማጥፋት ሊከሰው አይችልም። ያን ንግግር በትክክል የዘገበ ጋዜጣም በአብዛኛው ከክስ ነጻ ነው። ተወንጃዩ የሚቀረው ማስተባበያ መላክ ነው፤ ማስተባበያ ደግሞ ምን ጊዜም ከውንጀላው ኋላ ይደርሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በሕግ የተደገፈ ሆኖ ይገኛል።

ከእርሻ መንደር እስከ ዋሽንግተን

ማካርቲ የተወለደው በዊስኮንሲን፣ በአፕልተን ከተማ አቅራቢያ ካለ የገበሬ ቤተሰብ ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ዶሮ አርብቷል፣ የግሮሰሪ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፤ ኋላም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በአንድ ዓመት አጠናቆ በሚልዋኪ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1935 በሕግ ተመረቀ። በ1939 የወረዳ ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር የባሕር ወለድ ጦር የመረጃ መኮንን ሆኖ አገልግሏል። ዋና ሥራው የቢሮ ሥራ ቢሆንም በጥቂት በረራዎች ላይ በተኳሽነት ተቀምጦ ስለነበር በምርጫ ቅስቀሳው ራሱን የአውሮፕላን መትረየስ ተኳሽ አድርጎ አቀረበ፤ የበረራዎቹንም ቁጥር ከእውነተኛው በላይ ከፍ አደረገ።

በ1946 በሪፐብሊካን ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ከ1925 ጀምሮ በሴናተርነት የቆየውን ታናሹን ሮበርት ላፎሌትን በ5,000 ድምፅ ገደማ ብልጫ አሸነፈ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሥራ ዘመኑ ይህ ነው የሚባል ሥራ ያልታየባቸው ነበሩ።

ዊሊንግ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1950

በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ሪፐብሊካኖች የአብርሃም ሊንከንን ልደት ምክንያት በማድረግ በየከተማው የራት ግብዣ ያዘጋጃሉ፤ ፓርቲውም ተናጋሪ ይልክላቸዋል። ስመ ጥር ሴናተሮች ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲላኩ ማካርቲ የደረሰው በዌስት ቨርጂኒያ የምትገኘው የዊሊንግ ከተማ ነበረች። በማክሉር ሆቴል የተሰበሰቡት የአካባቢው የሪፐብሊካን ሴቶች ማኅበር አባላት ነበሩ። በከተማዋ የሚታተመው ጋዜጣ፣ ዊሊንግ ኢንተሊጀንሰር፣ የንግግሩን ጽሑፍ አስቀድሞ አግኝቷል።

በጋዜጣው ዘገባ መሠረት ማካርቲ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠሩ፣ ሚኒስትሩም የሚያውቃቸው የ205 ኮሚኒስቶች ስም ዝርዝር በእጁ እንዳለ ተናገረ። የጋዜጣው አዘጋጅ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪልም ያቀብል ስለነበር ወሬውን በስልክ አስተላለፈው። አጭር ዜና ነበረች፤ በመጀመሪያው ቀን ያተሟት ጋዜጦች ብዙ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የሰውየውን ጠባይ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ማካርቲ ለቀጣዩ ንግግር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ አውሮፕላኑ ዴንቨር ላይ አረፈ። ጋዜጠኞች ዝርዝሩን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ላሳያችሁ አለ፤ ከዚያም ዝርዝሩ አውሮፕላኑ ላይ ባለው ሻንጣ ውስጥ እንደቀረ ነገራቸው። በሶልት ሌክ ሲቲ ቁጥሩ 57 ሆነ። ፌብሩዋሪ 20 ምሽት በምክር ቤቱ አዳራሽ ቆሞ ለሰዓታት ሲናገር ደግሞ 81 «ጉዳዮች» ናቸው አለ፤ ስም አልጠራም፣ በተራ ቁጥር ብቻ አለፋቸው፤ የተዘለሉና የተደገሙ ቁጥሮችም ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ምንጫቸው ስለሚታወቅ መናገር ያስፈልጋል። በ1946 የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ በርንስ ለአንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በጻፈው ደብዳቤ ሦስት ሺህ ከሚሆኑ ሠራተኞች ማጣራት በኋላ 284ቱ በቋሚነት እንዳይቀጠሩ ሐሳብ መቅረቡን፣ ከእነርሱም 79ኙ መሰናበታቸውን ገልጾ ነበር። ከ284 ላይ 79 ሲቀነስ 205 ይቀራል። ማጣራቱ ሰዎቹ ሁሉ ኮሚኒስቶች ናቸው አላለም፤ ምክንያቶቹ ልዩ ልዩ ነበሩ። 57 የሚለውም ቁጥር የተወካዮች ምክር ቤት ሠራተኞች ካዘጋጁት የቆየ ዝርዝር የተወሰደ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ቁጥር በመቀነስ ስሌት የተገኘ፣ ሌላው ከአሮጌ ፋይል የተቀዳ ነበር።

ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነበር። በ1949 ሶቪየት ኅብረት የአቶም ቦምብ ሞከረች፤ በዚያው ዓመት ቻይና በኮሚኒስቶች እጅ ገባች። በጃንዋሪ 1950 የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን አልጀር ሂስ በሐሰት ምስክርነት ተፈረደበት። ከዊሊንግ ንግግር ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የፊዚክስ ሊቁ ክላውስ ፉክስ የአቶም ምሥጢር ለሶቪየቶች አሳልፎ በመስጠት እንግሊዝ ውስጥ ተያዘ። በጁን ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ የእኛም የቃኘው ሻለቃ በ1951 የዘመተበት ጦርነት ነው። ማካርቲ ሕዝቡ ያልነበረበትን ፍርሃት አልፈጠረም፤ ለነበረው ፍርሃት ቁጥርና ፊት ሰጠው።

ጋዜጦቹ እንዴት ይሠሩ ነበር

በዚያን ጊዜ ለመላው ሀገር ዜና የሚያቀብሉት ሦስት የዜና ወኪሎች ነበሩ፦ አሶሺየትድ ፕሬስ፣ ዩናይትድ ፕሬስና ኢንተርናሽናል ኒውስ ሰርቪስ። የሚያገለግሏቸው ጋዜጦች ገሚሱ የጧት፣ ገሚሱ የከሰዓት በኋላ እትም ስለሚያወጡ ወኪሎቹ ዜና ለማድረስ ከሰዓት ጋር ብቻ ሳይሆን ከደቂቃ ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር። ደንባቸው «ገለልተኝነት» ነው። ሴናተር ከተናገረ ዜና ነው፤ የተናገረውን ጻፍ፤ እውነት ይሁን ሐሰት መመርመር የዘጋቢው ፈንታ አይደለም፤ ያንተን አስተያየት አትጨምር።

ማካርቲ ይህን ሥርዓት እንደ እጁ መዳፍ ያውቀው ነበር። የእትም መዝጊያ ሰዓቶችን ለይቶ ያውቃል። ተወንጃዩን አፈላልጎ መልስ ለመቀበል ጊዜ በማይኖርበት ሰዓት ውንጀላውን ይለቃል። ጧት ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ነገር እገልጻለሁ ይላል፤ ይህ ብቻውን ለከሰዓቱ እትም ርዕሰ ዜና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ምስክሩ ገና አልተገኘም ይላል፤ ይህም ለማግስቱ ጧት ሌላ ርዕስ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ አዲስ ስም ያነሣል፤ የትናንቱ ጥያቄ ከዛሬው ዜና ሥር ይቀበራል።

የሐርስት ጋዜጦችና ቺካጎ ትሪቢዩን በግልጽ ደግፈውታል። ሚልዋኪ ጆርናል፣ የማዲሰኑ ካፒታል ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት ተቃውመውታል። የፖስቱ የካርቱን ሠዓሊ ኸርበርት ብሎክ በማርች 29 ቀን 1950 ያወጣው ሥዕል የሪፐብሊካን ፓርቲ ምልክት የሆነው ዝሆን በሬንጅ ባልዲዎች ክምር ላይ እንዲወጣ በግድ ሲገፋ ያሳያል፤ ከሁሉ በላይ ባለው በርሜል ላይ «ማካርቲዝም» ተብሎ ተጽፏል። በርካታ ጥናቶች የደጋፊና የተቃዋሚ ጋዜጦችን ፉክክር ያነሣሉ። እኔ ግን ትልቁን ሥራ የሠሩለት ደጋፊዎቹ አይመስሉኝም። ትልቁን ሥራ የሠሩለት እርሱን ያልወደዱት፣ ውሸት መሆኑንም የሚጠረጥሩት፣ ነገር ግን ደንባቸው አስሯቸው ያለውን እንዳለ ያስተላለፉት ገለልተኛ ዘጋቢዎች ናቸው። ብዙዎቹ በግል ጨዋታቸው ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ በጋዜጣቸው ላይ ግን አይወጣም።

የተቃወሙት ጋዜጠኞች ዋጋ ከፍለዋል። ዓምደኛውና የራዲዮ ተንታኙ ድሩ ፒርሰን በዲሴምበር 1950 በዋሽንግተን አንድ ክበብ ውስጥ በማካርቲ ተደብድቧል። ከዚያ በኋላ ሴናተሩ በምክር ቤት ቆሞ ፒርሰንን የሞስኮ አፍ ነው ብሎ ወነጀለው፤ ፕሮግራሙን የሚደግፈውን የባርኔጣ ኩባንያም ሕዝቡ እንዳይገዛው ጥሪ አቀረበ። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ድጋፉን አቋረጠ። የኒውዮርክ ፖስት አዘጋጅ ጄምስ ዌክስለር ደግሞ በ1953 በኮሚቴው ፊት ቀርቦ በወጣትነቱ የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር አባል ስለመሆኑ ተመረመረ። ዌክስለር ማኅበሩን ከለቀቀ ዓመታት አልፈውት፣ ኮሚኒዝምንም በብዕሩ ሲዋጋ የኖረ ሰው ነበር። የተጠራው ጋዜጣው ማካርቲን በመንቀፉ መሆኑን አልተጠራጠረም።

የፈሩትና የደፈሩት

የመጀመሪያው ምርመራ የተካሄደው በሜሪላንዱ ሴናተር ሚላርድ ታይዲንግስ ሰብሳቢነት ነው። ኮሚቴው ከማርች እስከ ጁላይ 1950 ከመረመረ በኋላ በብዙኃኑ አባላት ሪፖርት ውንጀላዎቹ ማጭበርበርና የፈጠራ ወሬ መሆናቸውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ታይዲንግስ ምርጫ ተሸነፈ። በዘመቻው ወቅት የማካርቲ ሰዎች ያዘጋጁት ጋዜጣ መሰል ጽሑፍ ተሰራጭቶ ነበር፤ በላዩ ታይዲንግስና የቀድሞው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ኧርል ብራውደር ጎን ለጎን ሲነጋገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበረበት። ሁለቱ ሰዎች እንዲያ ሆነው አልተነሡም፤ የተለያዩ ሁለት ፎቶዎች ተገጣጥመው ነው። ከምስሉ በታች «የተቀናበረ» የሚል ቃል በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

በ1951 ማካርቲ ከምክር ቤቱ እንዲባረር ሐሳብ ያቀረበው የኮነቲከቱ ዊልያም ቤንተንም በ1952 ወንበሩን አጣ። ለሁለቱም ሽንፈት ሌሎች ምክንያቶች እንደነበሩ የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች አሳይተዋል። ሴናተሮቹ ግን በዚያን ጊዜ እንዲያ አላሰቡም፤ ማካርቲን የነካ ይወድቃል ብለው አመኑ። ስለዚህ ዝም አሉ።

ዝም ካላሉት ቀዳሚዋ የሜይኗ ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ናት፤ በምክር ቤቱ የነበረች ብቸኛ ሴት፣ የራሱ የማካርቲ ፓርቲ አባል። ጁን 1 ቀን 1950፣ ከዊሊንግ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ «የኅሊና መግለጫ» በሚል ርዕስ ንግግር አደረገች። ፓርቲዋ በፍርሃት፣ በድንቁርና፣ በጥላቻና በስም ማጥፋት ላይ ተፈናጦ ወደ ድል ሲጋልብ ማየት እንደማትፈልግ ተናገረች። የማካርቲን ስም አልጠራችም፤ ሁሉም ግን ገባው። ስድስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ብቻ ፈረሙላት። ማካርቲ በበኩሉ ሰባቱን በልጆች ተረት ስም ጠርቶ አላገጠባቸው፤ ጋዜጦችም ማላገጡን አተሙት። ምክር ቤቱ ማካርቲን ያወገዘው ከእርሷ ንግግር አራት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ እነዚያ አራት ዓመታት ከሥራ የተባረሩ ሰዎች ዓመታት መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ዝምታው እስከ ላይ ደርሷል። በጁን 1951 ማካርቲ በጦርነቱ ጊዜ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረውን፣ ኋላም አውሮፓን መልሶ ያቋቋመውን ጆርጅ ማርሻልን የታላቅ ሴራ ተካፋይ አድርጎ ወነጀለ። ጄኔራል አይዘንሃወር የማርሻል ትልቅ ውለታ ነበረበት። በ1952 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሚልዋኪ ላይ ሊያደርገው በተዘጋጀው ንግግር ማርሻልን የሚያወድስ አንቀጽ ነበረበት፤ በአማካሪዎቹ ግፊት አወጣው። ጋዜጠኞች የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስላወቁ ነገሩ ይፋ ወጣ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሴናተሩን በስሙ አልነቀፈም።

የኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆን

በጃንዋሪ 1953 ሪፐብሊካኖች አብላጫውን ሲይዙ ማካርቲ የመንግሥት ሥራዎች ኮሚቴና የቋሚ ምርመራ ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነ። አሁን ምስክር በመጥሪያ የማስቀረብ ሥልጣን አገኘ። የ25 ዓመቱን ጠበቃ ሮይ ኮንን ዋና አማካሪ አድርጎ ቀጠረ፤ ሮበርት ኬነዲም ለጥቂት ወራት በረዳትነት ሠርቷል።

ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ነበር። የአማርኛ አድማጮች ጣቢያውን የሚያውቁት የአማርኛው ክፍል ከተከፈተበት ከ1982 ወዲህ ነው፤ በ1953 ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ዋና ድምፅ ነበር። ኮሚቴው የሁለት ማሰራጫ ጣቢያዎች ቦታ የተመረጠው በሻጥር ነው በሚል ጥርጣሬ ሠራተኞችን በቴሌቪዥን ፊት መረመረ። ከጣቢያው መሐንዲሶች አንዱ ገና ሳይጠራ በዚያው ዓመት በማርች ራሱን አጠፋ። በኤፕሪል ኮንና ጓደኛው ዴቪድ ሻይን በአውሮፓ ከተሞች እየዞሩ የአሜሪካን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ፈተሹ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደንግጦ የተጠረጠሩ ደራስያን መጻሕፍት እንዲወጡ አዘዘ፤ ጥቂቶቹም ተቃጠሉ። በጁን አይዘንሃወር ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች መጽሐፍ አቃጣዮችን አትቀላቀሉ አላቸው። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልተናገረም።

ምስክሮች ራሳቸውን ላለመወንጀል በሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ የተሰጣቸውን መብት ሲጠቅሱ ማካርቲ መብቱን መጥቀሳቸውን እንደ ጥፋት ማመን ቈጠረው። ብዙዎቹ በማግሥቱ ከሥራ ተሰናበቱ። ፍርድ ቤት ያልቀረቡ፣ ክስ ያልተመሠረተባቸው ሰዎች ናቸው።

በጃንዋሪ 1954 የጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲጠየቅ 50 በመቶው ለማካርቲ መልካም አመለካከት አለኝ አለ፤ የተቃወመው 29 በመቶ ነው። በፌብሩዋሪ ለኮሚቴው በጀት ድምፅ ሲሰጥ 85 ሴናተሮች ደገፉ፤ ብቻውን የተቃወመው የአርካንሶው ዊልያም ፉልብራይት ነበር።

ካሜራው

ማርች 9 ቀን 1954 የሲቢኤስ ጋዜጠኛ ኤድዋርድ መሮ «ሲ ኢት ናው» በተባለው ሳምንታዊ ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ማካርቲ አቀረበ። ጣቢያው ዝግጅቱን በጋዜጣ ለማስተዋወቅ ፈቃደኛ ስላልሆነ መሮና ተባባሪው ፍሬድ ፍሬንድሊ የማስታወቂያውን ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ። አቀራረቡ ቀላል ነበር፤ ሴናተሩ ራሱ ሲናገር፣ ሲስቅ፣ ምስክር ሲያፋጥጥ የሚያሳዩ ምስሎችን በተከታታይ አሳየ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እውነታውን አስቀመጠ። ጋዜጦች ለአራት ዓመት ያልሠሩት ይህንኑ ነው፦ ቃሉንና ማስረጃውን በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ። መሮ ሲዘጋ «ተቃውሞን ከክህደት ጋር ልናምታታ አይገባም፤ ውንጀላ ማስረጃ አለመሆኑን ሁልጊዜ ማስታወስ አለብን» አለ። ማካርቲ መልስ እንዲሰጥ ጊዜ ተሰጠው፤ በኤፕሪል 6 ቀርቦ መሮን የኮሚኒስቶች መሣሪያ አድርጎ ወነጀለ።

በዚያው ሰሞን ጦር ሠራዊቱ ማካርቲና ኮን ለወታደርነት የተመለመለው ሻይን የተለየ እንክብካቤ እንዲያገኝ ግፊት አድርገዋል ሲል ከሰሰ። ማካርቲ ደግሞ ጦሩ ሻይንን መያዣ አድርጎ ምርመራዬን ሊያስቆም ነው አለ። ጉዳዩን ለማጣራት የተጀመረው ችሎት ከኤፕሪል 22 እስከ ጁን 17 ቀን 1954 ለ36 ቀናት ተካሄደ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የቀን ፕሮግራማቸውን መሥዋዕት ማድረግ አልፈለጉም፤ የቀን ፕሮግራም እምብዛም ያልነበረው ኤቢሲ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ አስተላለፈው። ሚሊዮኖች በየቤታቸው ተመለከቱ። ማካርቲን ለአራት ዓመት በርዕሰ ዜና ብቻ ያወቀ ሰው አሁን ንግግር ሲያቋርጥ፣ በየደቂቃው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ሲል፣ ሲያንቋሽሽ በዓይኑ አየው። በችሎቱ የጦር ሚኒስትሩ ስቲቨንስና ሻይን ብቻቸውን የቆሙበት ፎቶግራፍ በማስረጃነት ቀረበ፤ በማግስቱ ከፎቶው አንድ የአየር ኃይል ኮሎኔል ተቆርጦ መውጣቱ ተጋለጠ። በ1950 ሁለት ፎቶዎች ተቀጣጥለው ሴናተር ወድቆ ነበር፤ በ1954 ግን የተቆረጠው ፎቶ በማግስቱ ተያዘ፤ ሀገር ሙሉ እያየ ነበርና።

ጁን 9 ቀን የጦሩ ጠበቃ፣ የቦስተኑ ጆሴፍ ዌልች፣ ኮንን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያጣድፍ ማካርቲ ጣልቃ ገብቶ በዌልች ቢሮ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠበቃ የግራ ክንፍ የጠበቆች ማኅበር አባል እንደነበር ተናገረ። ወጣቱ በችሎቱ ጉዳይ ውስጥ የለበትም፤ ዌልች ራሱ አስቀድሞ ወደ ቦስተን መልሶታል። ኮን አለቃው እንዲተወው በፊቱ ምልክት ሲሰጥ ይታይ ነበር። ዌልች «እስከዚች ደቂቃ ድረስ፣ ሴናተር፣ የጭካኔዎን ወይም የግድየለሽነትዎን ልክ አላወቅሁም ነበር» አለ። ማካርቲ አሁንም ሲቀጥልበት «ይህን ልጅ ከዚህ በላይ አንግደለው፣ ሴናተር። ያደረጉት ይበቃል። ለመሆኑ ጌታዬ፣ በስተመጨረሻ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልቀረዎትም?» ሲል ጠየቀው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያው ወር በጋሉፕ ጥናት የሚደግፉት ወደ 34 በመቶ ሲወርዱ የሚቃወሙት 45 በመቶ ደረሱ።

ውግዘቱ

የቨርሞንቱ ሪፐብሊካን ራልፍ ፍላንደርስ ባቀረበው የውሳኔ ሐሳብ መሠረት የዩታው አርተር ዋትኪንስ የሚመራው ስድስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። ዋትኪንስ ካሜራ አላስገባም፤ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ጋጋታም አልፈቀደም። ዲሴምበር 2 ቀን 1954 ምክር ቤቱ በ67 ድምፅ ለ22 ማካርቲን አወገዘ። ድምፅ የሰጡት ዴሞክራቶች በሙሉ አወገዙ፤ ሪፐብሊካኖች እኩል በእኩል፣ 22 ለ22 ተከፈሉ።

በውሳኔው ውስጥ የሚያሳዝን ነገር አለ። ማካርቲ የተወገዘባቸው ሁለቱ ነጥቦች በ1952 የገንዘብ ጉዳዩን የመረመረውን የምክር ቤቱን ንዑስ ኮሚቴ መናቁና የዋትኪንስን ኮሚቴ መዝለፉ ናቸው። የኖርማንዲ ዘማች የነበረውን ብርጋዴር ጄኔራል ዝዊከርን የለበስከው መለዮ አይገባህም ብሎ መስደቡ በመጨረሻ ከክሱ ወጣ። ስማቸው ጠፍቶ ከሥራ የተባረሩት ተራ ዜጎች ደግሞ በውሳኔው አልተጠቀሱም። ሴናተሮቹ የቀጡት የራሳቸውን ክብር የነካውን እጅ ነው።

ከውግዘቱ በኋላ ማካርቲ ወንበሩን፣ ድምፁንና ከለላውን አላጣም። እንደ በፊቱ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ጋዜጠኞች ግን አይመጡም። ሜይ 2 ቀን 1957 በ48 ዓመቱ በቤተስዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል በጉበት በሽታ ሞተ።

አንዳንድ የሚምታቱ ነገሮች

የሆሊውድ ጸሐፊዎችንና ተዋንያንን የመረመረው በተወካዮች ምክር ቤት ሥር የነበረው ኮሚቴ ነው፤ የሆሊውድ ምርመራውን በ1947 የጀመረው ከማካርቲ ዘመቻ ቀድሞ ሲሆን ሴናተሩ አባሉ አልነበረም፣ ሊሆንም አይችልም። በሌላ በኩል በ1995 ይፋ የሆኑት «ቬኖና» የተባሉት የተፈቱ የሶቪየት የምሥጢር መልእክቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ እውነተኛ ሰላዮች እንደነበሩ አረጋግጠዋል። ይህን ይዘው ማካርቲን ትክክል ነበር የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰላዮች መኖራቸውና ማካርቲ ያገኛቸው መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኮሚቴው ፊት ካቀረባቸው ምስክሮች መካከል በስለላ ተፈርዶበት የታሰረ የለም። በ1953 እና በ1954 የተካሄዱት ዝግ ችሎቶች ቃለ ጉባኤ ለ50 ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2003 በአምስት ቅጽ ሲታተም ሰብሳቢው በዝግ እያስፈራራ የሚጸኑበትን ምስክሮች ወደ ግልጹ ችሎት እንደማያመጣ አሳየ።

የማካርቲን ወንበር በኦገስት 1957 በማሟያ ምርጫ የወረሰው ዴሞክራቱ ዊልያም ፕሮክስማየር ነው፤ እስከ 1989 ተቀምጦበታል። ስለ ከለላው ወሰን ጠቃሚ ፍርድ የተሰጠውም በእርሱ ጉዳይ ላይ መሆኑ የሚገርም ነው። ፕሮክስማየር ከ1975 ጀምሮ የሕዝብ ገንዘብ አባክነዋል ለሚላቸው ወርኃዊ «ሽልማት» ይሰጥ ነበር። በዝንጀሮዎች ቁጣ ላይ የሚያጠና አንድ ተመራማሪ ስሜን አጥፍቷል ብሎ ከሰሰው። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስምንት ድምፅ ለአንድ ሴናተሩ በአዳራሹ ቆሞ የተናገረው ቃል የተጠበቀ መሆኑን፣ ያንኑ ቃል በጋዜጣዊ መግለጫና ለመራጮች በሚልከው ጽሑፍ ሲያሰራጭ ግን ከለላው እንደማይከተለው ወሰነ። ፕሮክስማየር ለተመራማሪው 10,000 ዶላር ከፍሎ ተስማማ፤ ስለ ጥናቱ የተናገረውንም በምክር ቤቱ አዳራሽ ቆሞ አረመ።